138 ግራም በ500 ዶላር፦ የአዲዳስ ኢቮ 1 ለማን ነው የተሠራው?

ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ አንዱን ጫማዋን አውልቃ ለካሜራ ከፍ አደረገችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 የማይጠይቅ ሯጭ የለም። እውነት ያስሮጣል? 500 ዶላር ይገባዋል? ለመጀመሪያው መልሱ አዎ ነው፣ በመጠኑ። ለሁለተኛው ግን ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ሳይታወቅ መልስ የለውም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። በእንግሊዝ 8 ተኩል ቁጥር፣ በአውሮፓው 42 ከ2/3፣ የአንዱ እግር ክብደት 138 ግራም ነው። የኪስ ስልካችሁን ብትመዝኑት ሳይበልጠው አይቀርም። የዚሁ ድርጅት የቀደመው የውድድር ጫማ፣ አዲዮስ ፕሮ 3፣ 215 ግራም ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ በእግር ወደ 80 ግራም ይጠጋል። 80 ግራሙ የተቀነሰው ከየቦታው ተቆጥቦ ነው። በሶሉ ውስጥ ያለው ስፖንጅ እንደ ሌላው ጊዜ በቅርጽ ማውጫ ታምቆ አልተጨመቀም፤ ስለዚህ በውስጡ ብዙ አየር አለ። ከታች ለብቻው የተለጠፈ የጎማ ሶል የለም፤ ፈሳሽ ጎማ በስሱ ተቀብቶበታል። የሚወጣ የውስጥ ገበርም የለውም። ላይኛው ጨርቅ ደግሞ ካልሲያችሁን አሻግሮ ያሳያል። በስፖንጁ መሃል ካርቦን የተቀላቀለባቸው ዘንጎች አሉ፤ ሶሉ ከርዝመቱ 60 በመቶ ላይ ወደ ላይ መታጠፍ ይጀምርና እግርን ወደፊት ያንከባልላል።

ድክመቱም ከዚያው ከቀላልነቱ ይመጣል። አዲዳስ ራሱ ጫማው የተሠራው ለአንድ ማራቶንና እግርን ለማለማመጃ ያህል መሆኑን ተናግሯል። ሂሳቡን ሥሩት፦ 500 ዶላር ለ42 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በኪሎ ሜትር 12 ዶላር ገደማ ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 1,800 ብር ይሆናል። ራይድ እንኳ በዚህ ዋጋ አይወስድም። እርግጥ ጫማው 43ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አይፈርስም፤ ስፖንጁ ግን እየሞተ ይሄዳል፣ የከፈላችሁበት መንጠር አብሮት ይቀንሳል። ቅቡ ጎማ እንደ ስስ ቆዳ ነው። የሰንዳፋ አስፋልት ላይ ይችላል። ወደ ኮረኮንች ወይም ወደ እንጦጦ ጫካ ይዛችሁት ከወጣችሁ ግን ቅቡ ተፍቆ ስፖንጁ ከድንጋይ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ እየተቆረሰ ነው የሚያልቀው። ተረከዙ ጠባብና ለስላሳ ስለሆነ በተረከዝ የሚያርፍ ሯጭ፣ በተለይ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ቁርጭምጭሚቱ ሲደክም፣ ወደ ጎን ሲንሸራተት ይሰማዋል። ላይኛው ጨርቅ አይለጠጥም፤ እግሩ ሰፊ የሆነ ሰው ትንሿ ጣቱ ላይ ውሃ መቋጠሩ አይቀርም። ስታጠልቁት ማሰሪያውን እስከ ታች አላሉት፤ ከኋላ ይዛችሁ ከጎተታችሁት ይቀደዳል።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በሩጫ ሳይንስ የቆየ ስሌት አለ፦ በአንድ ጫማ ላይ የሚጨመር 100 ግራም የሯጩን የኃይል ወጪ 1 በመቶ ያህል ያንረዋል። በዚህ ሂሳብ 80 ግራም መቀነስ 0.8 በመቶ ያተርፋል። የሚቆጠበው ኃይል ሁሉ ወደ ፍጥነት አይለወጥም፣ ነፋሱም ድርሻ አለው። በትዕግሥት ፍጥነት ቢታሰብ ትርፉ ከ40 ሰከንድ ብዙም አያልፍም። እሷ የኬንያዊቷን የብሪጂድ ኮስጌይን የዓለም ክብረ ወሰን ያሻሻለችው ግን በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው፤ ከዓመት በፊት በዚያው በርሊን ራሷ ከሮጠችው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ደግሞ 3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ አውርዳለች። ቀሪው የልጅቷ ሳንባና እግር ነው። «ጫማው ነው የሮጠው» የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት ቢሠሩት ጥሩ ነበር።

40 ሰከንድ ታዲያ ትንሽ ነው? በትልልቅ ውድድሮች አይደለም። ቦስተን ማራቶን ለአንደኛ 150,000፣ ለሁለተኛ 75,000፣ ለሦስተኛ 40,000 ዶላር ይከፍላል። እዚያ ደረጃ 40 ሰከንድ ቤት ነው። ነገሩ የሚጎመዝዘውም እዚህ ላይ ነው፤ ለ150,000 ዶላር የሚፎካከረው አትሌት ጫማውን ከስፖንሰሩ በነፃ ያገኛል። 500 ዶላሩን ከኪሱ የሚያወጣው ገና ማናጀር ያላገኘው፣ በአንድ ክፍል ለአራት ተከራይቶ የሚኖረው ልጅ ነው። በ150 ብር ምንዛሬ 75,000 ብር መሆኑ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ስለሆነ ሳይበላ ሳይጠጣ የአንድ ዓመት ደመወዝ ከማለቁም በላይ ይቀረዋል። ከዚያ ላይ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሰው እጅ ማስመጫውን ጨምሩበት።

የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ይህን ክፍተት የሚያጠበው በከፊል ነው። በጎዳና ሩጫ የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ፣ በውስጡ ያለው ጠንካራ አካልም ተደራርቦ እንዳይቀመጥ ወስኗል። ኢቮ 1 ተረከዙ 39፣ ፊቱ 33 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገደቡን ሊነካ የቀረው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጫማው ለገበያ መቅረብ አለበት የሚለው ሐሳብ ግን ሲተገበር ምን እንደሚመስል እዩ፦ መጀመሪያ የወጣው 521 ጥንድ ብቻ ነበር፣ ለዓለም ሁሉ። ቀርቧል ለማለት ይበቃል፤ ለመግዛት ግን ዕጣ ይፈልጋል።

ሌላም አለ። የካርቦን ጫማ ለሁሉም እግር እኩል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ሰባት ታላላቅ ኬንያውያን ሯጮችን በካርቦን ጫማና በተለመደው ስስ የውድድር ጫማ አሩጦ ለካቸው። አንዱ ከ11 በመቶ በላይ ኃይል ሲቆጥብ ሌላው በዚያው መጠን አባከነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ናይኪ ጣልያን ሞንዛ ላይ ማራቶንን ከ2 ሰዓት በታች ለማስገባት ባደረገው ሙከራ ሦስቱም ሯጮች አዲሱን የካርቦን ጫማ አድርገው፣ ከአንድ መስመር፣ አሯሯጭ ተመድቦላቸው ነው የተነሡት። ኪፕቾጌ በ2 ሰዓት ከ25 ሰከንድ፣ ዘርሰናይ ታደሰ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ፣ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ገቡ። ሌሊሳ ከዚያ በፊት ቦስተንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ፣ ከዚያ በኋላም ዶሃ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ፦ በራሳችሁ ገንዘብ ከሆነ አትግዙት። በዋጋው ሁለት ጥንድ አዲዮስ ፕሮ 3 ይመጣል፤ አንዱ 250 ዶላር ነው የወጣው፣ የቀደመ ሞዴል ስለሆነም አሁን ረክሶ ይገኛል። የጎማ ሶል አለው፣ ብዙ ውድድር ይችላል። ኢቮ 1 የሚያዋጣው የካርቦን ጫማ እንደሚስማማው አስቀድሞ ያረጋገጠና የሽልማት ገንዘብ ከሚያስገኝ ደረጃ በጥቂት ሰከንድ የራቀ ሯጭን ብቻ ነው።

ማረጋገጫው ላቦራቶሪ አይፈልግም። ሜዳ በሆነ አስፋልት ላይ 2 ኪሎ ሜትር አራት ጊዜ በማራቶን ፍጥነት ሩጡ፤ በመሃሉ አምስት አምስት ደቂቃ እረፉ። ተራው መደበኛው ጫማ፣ የካርቦኑ፣ የካርቦኑ፣ መደበኛው ይሁን፤ ካልሆነ የመጨረሻው ድካም ሁሌ በአንዱ ጫማ ላይ ይቆጠራል። የልብ ምታችሁን ከመጨረሻው 500 ሜትር ላይ ውሰዱ። በተመሳሳይ ፍጥነት የካርቦኑ ከሁለት ሦስት ምት በላይ ካልቀነሰላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ጫማውን ከጓደኛ ተውሶ መሞከር ይቻላል።

ስፖንሰር ያላቸው አትሌቶች ያወጡት ጫማ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ካገኛችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዉት። የስፖንጁን ጎን በአውራ ጣት ተጫኑ፤ የተኛ ሽብሽብ ካለና ቶሎ ካልተመለሰ አልቋል። ፌኩንም ሚዛን ይለየዋል፦ በ42 ከ2/3 ቁጥር 180 ግራም የሚመዝን ኢቮ 1 የለም።

ከውድድር በፊት ደግሞ የምታደርጉት ጫማ ያስመዘገባችሁት መሆኑን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደራራ ሁሪሳ ቪየና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ከገባ በኋላ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘና ድሉ ተሰረዘበት፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር። ኢቮ 1 በራሱ ከዚህ ነፃ ነው፤ «ይመቸኛል» ብላችሁ ተጨማሪ ገበር ካስገባችሁበት ግን ያቺን የቀረች አንድ ሚሊ ሜትር ራሳችሁ በላችኋት።