ማመልከቻው አሪፍ ነበር፣ ወንበሩ ግን ተይዟል

ከክፍለ ከተማው ግቢ ፊት ለፊት ስላለችው ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው የምጽፈው። ስሟን አልጠራም፤ የልጅቷን እንጀራ መዝጋት አልፈልግም። ጽሑፍ በገጽ 30 ብር፣ ፎቶ ኮፒ 5 ብር። ወንበር ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱ በብሎኬት ተደግፏል። መብራት ከጠፋ ያው መጠበቅ ነው።

የሄድኩት ለቡድን መሪነት ማመልከቻ ላስጽፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ዲግሪ አለኝ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤቴም ጥሩ ነው። እኔ «ጉዳዩ» ብዬ ሳልጨርስ እሷ ፊርማው ቦታ ደርሳለች። አንድ የፊደል ግድፈት የለውም። ልታትመው ስትል ቀና ብላ አየችኝና፣

«ወንድሜ፣ ሰው አለህ?»

«የምን ሰው?»

ሳቀች። ከዚያ ያስረዳችኝን የትኛውም የሰው ሀብት ሥልጠና ላይ አልሰማሁም። ትልልቁ የአመራር ወንበር በፓርቲ ምደባ ነው የሚሞላው፣ ለእሱ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሞኝ የለም። እነዚያ ሰዎች እሷ ጋ የሚያስጽፉት የሕይወት ታሪክ ነው፦ መቼ አባል ሆንክ፣ ማን መለመለህ፣ ግምገማ ላይ ምን ተባልክ። «ማን መለመለህ» የምትለዋ መስመር ከዲግሪው ትበልጣለች አለችኝ። የመለመለህ ሰው ከፍ ካለ አብረህ ትወጣለህ። እሱ ግምገማ ላይ ሲመታ ደግሞ የሚከላከልለት እጅ ይፈልጋል፣ ያ እጅ አንተ ነህ። ኃላፊ በተነሳ በሳምንቱ የቅሬታ ደብዳቤ ገበያዋ እንደሚደራም ነገረችኝ። እሱ ያስጠጋቸው ሁሉ ይበተናላ!

ነገሩ የትናንት አይደለም። በኢሕአዴግ ጊዜ 180 ሰው ያለው የግንባሩ ምክር ቤት ለአራቱ ድርጅቶች 45፣ 45 ነበር የሚከፋፈለው። ላይ ላዩን በኮታ፣ ውስጥ ውስጡን ማን የማን ልጅ ነው በሚል ይሄድ ነበር። ከምርጫ 97 ድንጋጤ በኋላ ፓርቲው አባል በሚሊዮን መለመለ፣ አንዱ አምስት ሰው የሚያስተባብርበት የ1 ለ 5 አደረጃጀት መጣ፣ መምህሩም ነርሷም ፎርም ሞሉ። የማውቃቸው አብዛኞቹ የሞሉት አምነውበት ሳይሆን ዕድገትና የትምህርት ዕድል እንዳያመልጣቸው ነው፣ እኔም አልፈርድባቸውም፣ ልጅ ማሳደግ አለ። ኅዳር 2012 ግንባሩ ከስሞ ብልጽግና ሲመሠረት ሦስቱ የግንባሩ ድርጅቶችና አጋር የሚባሉት አንድ ፓርቲ ሆኑ። ሕወሓት አልገባም። እኛ ግቢ የተቀየረው ግን በር ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። ትናንት በአንዱ ስም ይገመግሙን የነበሩ ሰዎች ዛሬ በሌላው ስም ይገመግሙናል።

ወደ ማመልከቻዬ ልመለስ። ማስታወቂያው አንድ ሳምንት ተለጥፎ ወረደ፣ ተወዳደርን፣ የኃላፊው የወንዝ ልጅ አለፈ። ልጁ መጥፎ አይደለም፣ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ዓመቱ ነው እንጂ። ለልጅቷ ስነግራት ድምጿን ዝቅ አድርጋ የእሱን ማመልከቻ የጻፈችው ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት እንደሆነ ነገረችኝ። የመደቡን መጠሪያ ሳይቀር አስተካክሎ ነበር ያመጣው።

ለጽሕፈት ቤቷ ከ5 ኮከብ 5 ሰጥቻለሁ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ሂዱ፣ በኋላ ሰልፍ ነው። የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ የእሷ ኮምፒውተር ቫይረስ አያጣውም። ቅሬታዬንም እዚያው አስጻፍኩ፣ ሁለተኛውን ገጽ በግማሽ ዋጋ ሠራችልኝ።