ዞርክ ወይስ ሄይድስ?

ሁለቱም ጌሞች ከጥንታዊ ግሪክ ተረት ይቀዳሉ። ዞርክ ኢንፎኮም የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው የጽሑፍ ጌም ነው። ሥዕል የለውም፤ የምታደርጉትን በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ። አንድ ዓይና ግዙፍ መንገድ ዘግቶ ሲቆምባችሁ ሰይፍ አያዋጣም። «ኦዲሲየስ» ብላችሁ ስትጽፉ ግን የአባቱን ጠላት ስም ሰምቶ ግድግዳ ደርምሶ ይፈረጥጣል! በጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ በሆሜር ታሪክ ኦዲሲየስ አንድ ዓይናውን ግዙፍ ያሳወረ ጀግና ነው፤ ይህን ማወቅ እዚህ ጋ ቁልፍ ነው። በጣም የምወደው ይህን ነው። (ምሳችሁን አብልታችሁ ውኃ ብታጠጡትም እንቅልፍ ይወስደዋል።)

ሄይድስ (እ.ኤ.አ. 2020) ምንም ለማያውቅም በሩ ክፍት ነው። የሙታን ዓለም ጌታ ልጅ ዛግሬዎስ ለማምለጥ ይታገላል። በሞተ ቁጥር አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ወሬው ግን ካቆመበት ይቀጥላል። የትሮይ ጦርነት ጀግና አኪሌስ እዚያ ዘብ ቆሟል። የሚወደው ጓዱ ፓትሮክለስ ሩቅ ቦታ ብቻውን ተክዞ ተቀምጧል። መልእክት እያመላለሳችሁ ታገናኟቸዋላችሁ። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ፈጣን ውጊያ የሚያደክማችሁ ከሆነ ግን ዞርክን ጀምሩ።