ለአይተርም2 ሠሪ ምስጋና፣ ማክ ላይ ቴርሚናል ለምትጠቀሙ ጥቆማ

ጆርጅ ናችማን እግዜር ይስጠው! በአንድ ቁልፍ ከላይ ወርዶ፣ ፉል ስክሪን በሆነ ፕሮግራም ላይ ሳይቀር የሚታይ ቴርሚናል (ትእዛዝ እየጻፍን ኮምፒውተሩን የምናዝዝበት መስኮት)፣ አይተርም2ን፣ በነጻ የሰጠን እሱ ነው።

ሌላ ቦታ የደረሰብን ያንገበግባል። ገንዘብ ተቀብለው የሸጡልን ሌላ ቴርሚናል ቁልፉ ሲነካ ከያዝነው ሥራ ነጥቆ ወደ ሌላ ዴስክቶፕ ይወስደናል። ሲጠየቁ መልሳቸው «አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት» ብቻ ነበር። ማክ እኮ ፉል ስክሪን ለሆነ ፕሮግራም የራሱን ስፔስ (ለብቻው የሆነ ዴስክቶፕ) ይሰጠዋል፤ ተራ መስኮት እዚያ አይገባም። መቶ ጊዜ ቢጫን ምን ሊለወጥ?

አይተርም2 ላይ ሴቲንግስ፣ ኪይስ፣ ሆትኪ ግቡና «ክሪኤት ኤ ዴዲኬትድ ሆትኪ ዊንዶው» (በአንድ ቁልፍ የሚወርድ መስኮት መፍጠሪያ) የሚለውን ተጫኑ። እዚያው ያለው፣ መስኮቶችን ሁሉ በአንድ ቁልፍ የሚያሳየው አማራጭ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱን መርጦ ነው። ለቁልፍነት ኮንትሮል-ስፔስን አትምረጡ፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ለምንቀያይርበት ሥራ ማክ አስቀድሞ ይዞታል። ኦፕሽንን ሁለቴ መምታት ይሻላል። «ፍሎቲንግ ዊንዶው» ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ፤ «ፒን» የሚለው ግን ባዶ ይሁን፣ አለዚያ ሌላ ቦታ ስትነኩ መስኮቱ አይሰበሰብም።

ከዚያ ፕሮፋይልስ ውስጥ «ሆትኪ ዊንዶው» የሚለውን ፕሮፋይል መርጣችሁ ዊንዶው በሚለው ስር ስታይሉን «ፉል-ዊድዝ ቶፕ ኦፍ ስክሪን»፣ ስፔሱን «ኦል ስፔስስ» አድርጉ። ስፔሱ ኦል ስፔስስ ካልሆነ ፍሎቲንግ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሁለት ስክሪን ያላችሁ ስክሪኑን «ስክሪን ዊዝ ከርሰር» በሉት፤ መስኮቱ ማውሱ ባለበት ይወርዳል።

አሁንም ፉል ስክሪን ላይ እምቢ ካለ፣ አፒራንስ፣ ጀነራል ውስጥ ከዶክና ከኮማንድ-ታብ የሚያስወጣውን «ኤክስክሉድ ፍሮም ዶክ» አብሩት። አዲሶቹ ማኮች ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ይህችን ነው። አይተርም ከዶክ ሲጠፋ አትደንግጡ፤ ከላይ ሜኑ ባሩ ላይ ትንሽ አይኮን ይቀራል፣ ሴቲንግስ የሚከፈተው በእሱ ነው። የሠሪውን አሳቢነት የምታዩት ደግሞ እዚሁ ነው፦ ከዶክ የሚወጣው የተከፈቱት ሁሉ የሆትኪ መስኮቶች ሲሆኑ ብቻ እንዲሆን የሚያደርግ ምርጫ ከስሩ አስቀምጧል። ተራ መስኮት ስትከፍቱ ዶክ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ለተጠቃሚው እንዲህ የሚጨነቅ ስንቱ ነው?

ለእንዲህ ዓይነት ቴርሚናል ገንዘብ አትክፈሉ፤ አይተርም2ን ጫኑ፣ ለባልደረቦቻችሁም ንገሩ። አቅሙ ያላችሁ ድረ ገጹ ላይ ለሠሪው ድጋፍ ላኩለት፤ ይገባዋል።