ምክንያቱ ላልታወቀ የደም ማነስ ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ የሚሠራ ክሊኒክ፦ ከአያት ወደ ጣፎ መውጫ

ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን የማልጠቅሰው ይህ ክሊኒክ የሚገኘው ከአያት ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እናቴን ያስመረመርኩት ሄሞግሎቢናቸው (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር መጠን) 7 ድረስ ወርዶ በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ ለሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። የብረት ኪኒን ሲወስዱ ከፍ ይላል፣ ሲያቋርጡ ተመልሶ ይወርዳል። ቀደም ሲል በሌላ የግል ተቋም በላይም በታችም በካሜራ (በኢንዶስኮፒና በኮሎኖስኮፒ) ታይተው «ምንም የለም» ተብለው ነበር።

ወጣቱ ሐኪም ወደ ካሜራው አልቸኮለም። «እማማ፣ ለጉልበትዎ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ እናቴ ከቦርሳቸው ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ አወጡ፤ መድኃኒቱ ጨጓራን ብቻ ሳይሆን ቀጭን አንጀትንም ሊያቆስል እንደሚችል አስረድቶ አስቆማቸው። ሰገራቸው መጥቆሩን ሲሰማም፣ የብረት ኪኒን ራሱ ሰገራ ስለሚያጠቁር፣ ደም ነው ብሎ ከመደምደም ይልቅ በዓይን የማይታይ ደም መኖር አለመኖሩን በላቦራቶሪ አስመረመረ። የመንጠቆ ትል እንዲፈለግም አዘዘ፤ ይህ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ሆኖ ሳለ በቀደመው ተቋም ያዘዘው አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት የቀድሞውን ሪፖርት አንብቦ፣ የአንጀቱ ጽዳት ደካማ እንደነበር የምትገልጽ አንዲት መስመር ላይ ጣቱን ማሳረፉን ነው። አንጀት በደንብ ካልጸዳ የሚደማው ቦታ ከካሜራው ፊት ሆኖም ሊታለፍ ስለሚችል፣ ማጽጃው ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ሌሊት ተጠጥቶ ኮሎኖስኮፒው እንዲደገም መከረ። በድጋሚው ምርመራ፣ በትልቁ አንጀት መነሻ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ ቀያይ ደም ስሮች ታዩ፤ አንጂዮዲስፕላዢያ የሚባለው፣ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የሚያዘወትርና እየቆየ የሚደማ ችግር ነው። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ።

ክሊኒኩ ጉድለትም አለው። ደም ስሮቹን በሙቀት ተኩሶ የሚዘጋ መሣሪያ ስለሌለው ለሕክምናው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር ጽፎልናል። 6 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ቀጭን አንጀት የሚያሳየው፣ ተውጦ ፎቶ እያነሳ የሚያልፈው የካፕሱል ካሜራም የለውም፤ ሐኪሙ ግን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ይህን ነግሮናል። የዝግጅት መመሪያው በእንግሊዝኛ ብቻ መታተሙ ግን ምክንያት የለውም፤ ነርሷ በስልክ ደጋግማ ባታስረዳን ኖሮ እናቴ ሌሊቱን የሚጠጡትን ሊተዉት ነበር። አንጀታቸውን አጽድተው ለሚመጡ ታካሚዎች መጸዳጃ ቤቱ አንድ ብቻ ነው፣ ውኃውም ይቋረጣል።

ምርመራው በሰመመን ስለሚሠራ ያለ አስታማሚ አይቀበሉም። የቆየ ሪፖርትና የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከሱቅ የተገዛውን ማስታገሻ ሳይቀር፣ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።