ሳይለኩ የማይሸጡት የሶማሌ ተራው ባትሪ ነጋዴ

የመኪና ባትሪ የፈለገ ሰው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ እንደሚሄድ ለአዲስ አበባ ሹፌር አይነገርም። ችግሩ እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ሱቁ ብዙ፣ ጠሪው ብዙ፣ ዋጋውም ብዙ ነው። ሁሉም «መኪናሽ ምንድን ነው?» ይላል። «ቪትዝ» ስትሉ ባትሪ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ያለኝ ባትሪ በእርግጥ ሞቶ እንደሆነ ለማየት የፈለጉት ግን አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ይህን የምጽፈው ስለእሳቸው ሱቅ ነው።

ሱቁ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም። ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ ባትሪ ነው። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ «ሀጂ» ይላቸዋል። «ባትሪ የሚለኩት ሀጂ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል።

መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ጠቅ ጠቅ ብቻ ማለት ጀምራ ነበር። የዳሽቦርዱ መብራት ይበራና ወዲያው ይደበዝዛል። ማርሿ አውቶማቲክ ስለሆነ ተገፍታ አትነሳም። ጎረቤቴ ከራሱ መኪና ባትሪ በካቦ አስነሳልኝ፤ ሳላጠፋ መርካቶ ደረስኩ። አንዱ ሱቅ መስኮት ሳልከፍት ዋጋ ጠራልኝ። ሌላው «ተለቅ ያለ ላድርግልሽ፣ ጉልበት አለው» አለኝ።

ሀጂ ግን መጀመሪያ ያሉኝ «ልጄ፣ አታጥፊው፤ ኮፈኑን ክፈቺ» ነው። መለኪያቸውን ይዘው ወጡ። ሞተሩ እየሠራ 14.2 ቮልት አነበበ። «ዲናሞሽ ጤነኛ ነው» አሉኝ፤ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው እሱ ነው። ይህች አንዲት ቁጥር ብዙ ብር ታድናለች። ሞተር እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ ካልታየ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም እሱን የሚያዞረው ቀበቶ፣ የቺንጋው፣ ሊሆን ይችላል። ያኔ አዲስ ባትሪ ብታስገቡም ቶሎ ባዶ ይሆናል፤ ስሙ የሚጠፋው ግን የባትሪው ነው።

ቀጥሎ አስጠፉኝና የፊት መብራቱን ለጥቂት ጊዜ አብርተው አጠፉት። ገና ከመንገድ የመጣ ባትሪ ለጊዜው ደህና መስሎ ስለሚታይ ነው። ከዚያ «አሁን አስነሺ» አሉኝ። ቁልፉን ሳዞር ንባቡ ከ9 ቮልት በታች ወረደ፤ ሞተሩም አልተነሳም። እየጠየቅኳቸው በትዕግሥት አስረዱኝ። ባትሪው ውስጥ ስድስት ክፍል አለ፤ እያንዳንዱ ከ2 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ይሰጣል። ስለዚህ የሞላና ያረፈ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያነባል። ሞተር ሲያስነሳ ደግሞ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ይህን ከጨረሱ በኋላ ነው «እንግዲህ አሁን ባትሪ ልሸጥልሽ እችላለሁ» ያሉኝ። እኔ እዚያው ላይ ልቤ ተከፈተላቸው።

መጠኑንም በግምት አልመረጡም። አሮጌው ላይ 34ቢ19ኤል የሚል ጽሑፍ ነበረ። ብዙ ሰው 34ን አምፒር ይመስለዋል፤ እሱ የጉልበት ደረጃ ነው። ቢ የወርድና የቁመቱ መደብ ነው። 19 ርዝመቱ በሴንቲሜትር ነው። ኤል ደግሞ ፖዘቲቩ በየት በኩል እንዳለ ይናገራል። በኤል ፈንታ አር የሚል ብትገዙ ካቦው ላይደርስላችሁ ይችላል። ያ «ተለቅ ያለ» ባትሪም 24 ሴንቲሜትር ስለሆነ የኔ ቪትዝ መቀመጫ ላይ በሥርዓት አይገጥምም። ተመሳሳይ መጠን፣ ውሃ የማይጨመርበት፣ የኮሪያ ሥሪት ወሰድኩ። የተመረተበትን ጊዜ ስጠይቅ ማህተሙን አገላብጠው አሳዩኝ። ይህን መጠየቅ አትፈሩ። ለወራት ሳይሞላ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ሳይሠራ ያረጃል።

መግጠሙ ነፃ ነው፤ የሚገጥም ልጅ አላቸው። እኔ ግን «ራሴ ልቀይረው?» አልኳቸው። ከዚያ በፊት ባትሪ ነክቼ አላውቅም። «ደስ ይለኛል! ነገ መንገድ ላይ ብትቆሚ ሰው አትጠብቂም» አሉና 10 ቁጥር መፍቻ እጄ ላይ አስቀመጡ። ለቪትዝ ያ አንድ መፍቻ ይበቃል።

መጀመሪያ ቀለበቴንና የእጅ ሰዓቴን አስወለቁኝ። ወርቅ ፖዘቲቩንና ቦዲውን አንድ ላይ ከነካ በቅጽበት ግሎ ጣት ያቃጥላል። ከዚያ ኔጋቲቩን ፈታሁ። ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ነው የሚቀድመው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የመኪናው ቦዲ በሙሉ ከኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው ቦዲ ከነካ ሾርት አድርጎ እሳት ይረጫል። ኔጋቲቩ ከተነሳ ግን ቢነካም ምንም አይሆንም። ሲገጠም ተቃራኒው ነው፤ ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጋቲቩ ይከተላል። አካባቢው ላይ ሲጋራ የሚባል ነገር መኖር የለበትም፤ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። አንድ ተሸካሚ ሲጋራ ይዞ ሲጠጋ ሀጂ ተቆጥተው አባረሩት።

የካቦዎቹ ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮ ነበር። ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ሰጡኝ፤ ጓንት አድርጌ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው። ካቦው ቆሽሾ አዲስ ባትሪ ቢገባ ያው ጠቅ ጠቅታ ሊመለስ ይችላል። አሮጌው ሲወጣ ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ሳያጋድሉ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ነው። አዲሱን ሳስቀምጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ የፖዘቲቩ ምሰሶ ከኔጋቲቩ ትንሽ ወፈር ይላል። እንዳይቀያየር ታስቦ የተሠራ ነው።

ባትሪውን ወጥሮ የሚይዘውን ብረት ሳስር ሀጂ ራሳቸው መጥተው ነቀነቁትና «አሁንም ይላወሳል፣ ጨምሪ» አሉኝ። የኛ ሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ነው። ላላ ያለ ባትሪ እዚያ ላይ ሲንቀጠቀጥ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ይጎዳሉ። የአሮጌዬም ብረት ላልቶ ነው ያገኘነው። መጨረሻ ላይ ተርሚናሎቹን ቫዝሊን ቀባሁ። ቁልፍ ሳዞር መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። ደስታዬን ያየ የሱቁ ልጅ «እህቴ፣ ነገ ሥራ ጀምሪ» አለኝ።

አሮጌውን ባትሪ ተቀብለው ከዋጋው ቀነሱልኝ። ይህንን ከቅናሹ በላይ ነው የወደድኩት። አሮጌ ባትሪ እርሳስና አሲድ ነው። ለቆራሌ ሲሰጥ አሲዱ የትም ሊደፋ፣ እርሳሱም መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ሊቀልጥ ይችላል። የእርሳስ ጭስና አቧራ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። እሳቸው አሲዱን ሳያፈሱ እንዳለ ሰብስበው ለሚያስረክቡት ቦታ እንደሚልኩ ነገሩኝ፤ የተደረደሩትንም አየሁ።

ቅር ያለኝንም ልናገር። ዋጋቸው ከሁሉም ርካሽ አይደለም፤ ከጎናቸው በትንሹ ዝቅ ያለ ይገኛል። ማቆሚያ የለም ማለት ይቻላል። ኮፈን ከፍታችሁ ቆማችሁ ጋሪው፣ ተሸካሚው፣ ሚኒባሱ ሁሉ «ዞር በሉ» ይላችኋል። ወረፋውም አለ፤ ሰው ሁሉ እየተለካ ስለሆነ ቶሎ አይደርሳችሁም። የዋስትናውን ወረቀት ደግሞ እኔ እስክጠይቅ አልጻፉልኝም። ስጠይቅ ግን ቀኑን ወረቀቱም ላይ፣ ባትሪው ራስ ላይም በማርከር ጻፉልኝ። እናንተም ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።

ከተቀየረ በኋላ ሰዓቱ ዜሮ ሆኖ ነበር፤ ሞተሩም መጀመሪያ ላይ ቆሞ ሲሠራ ትንሽ ያንቀጠቅጠው ነበር። ሁለቱም ተስተካክለዋል። ሀጂ አንድ ምክር ሰጥተውኝ ነበር። ነዳጅ ሰልፍ ላይ በየሁለት ሜትሩ እያጠፉ ማስነሳት ባትሪ ይበላል፤ የወሰደውን መልሶ ለመሙላት ጊዜ አያገኝም። ሰልፉ ረዘም ያለ ፈቀቅታ እስኪያደርግ ቆሜ መጠበቅ ጀምሬያለሁ።

ከወር በኋላ ለማስለካት ተመልሼ ነበር። መኪናዋን እዚያው አጥፍቼ ካሳረፍኳት በኋላ በመለኪያው 12.6 አነበበ፤ ገንዘብ አልተቀበሉኝም። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ማልዳችሁ ሂዱ። አርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ይዘጋሉ።