ፋሮ ደሴቶች ወይስ ሳን ማሪኖ?

የሰሜን አትላንቲኳ የዴንማርክ ግዛት ፋሮና በጣሊያን የተከበበችው ትንሽ አገር ሳን ማሪኖ የእግር ኳስ ቡድኖቻቸው ሲነጻጸሩ፣ ሁለቱም በ1988 እ.ኤ.አ. ፊፋን ተቀላቀሉ፤ ሁለቱም የመጀመሪያ የማጣሪያ ጨዋታቸውን በ1990 አደረጉ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ለየቅል ሆነ።

የፋሮ ጅማሬ ለማመን ይከብዳል። በደሴቶቹ ላይ ለውድድር የሚበቃ የሣር ሜዳ ስላልነበረ ኦስትሪያን «በሜዳቸው» የገጠሙት ስዊድን፣ ላንድስክሮና ከተማ ነበር። ግብ ጠባቂው የንስ ማርቲን ክኑድሰን የሱፍ ቆቡን አጥልቆ ገባ፤ ቶርኪል ኒልሰን አስቆጠረ፤ 1 ለ 0 አለቀ። የኦስትሪያው አሰልጣኝ ዮሴፍ ሂከርስበርገር ሥራቸውን ለቀቁ። ዕድል ነው እንዳይባል ደግሞ ግሪክን በ2014 እዚያው አገሯ ድረስ ሄደው አሸነፏት፣ በ2015 በሜዳቸው ደገሟት። በ2022 ተራው የቱርክ ሆነ።

ሳን ማሪኖ በስዊዘርላንድ 4 ለ 0 ተረትቶ ጀመረ። በ1993 ዳቪዴ ጓልቲዬሪ እንግሊዝ ላይ በ8.3 ሰከንድ አገባ (ምን ዋጋ አለው፣ ጨዋታው 7 ለ 1 ተጠናቀቀ)። በ2006 ጀርመን 13 ግብ አስቆጠረችበት። የመጀመሪያው ድል በ2004 የወዳጅነት ጨዋታ ሊችተንስታይን ላይ ተገኘ፤ ሁለተኛው 20 ዓመት ፈጀ፣ ተሸናፊዋም ያችው ሊችተንስታይን ነች።

በኳሱ ከሆነ ፋሮ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። የሚደገፍ ቡድን ምረጥ ብባል ግን ሳን ማሪኖን እመርጣለሁ፤ በኅዳር 2024 ሊችተንስታይንን 3 ለ 1 ረትቶ በአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች ውድድር በኔሽንስ ሊግ ከመጨረሻው እርከን ወደ ሊግ ሲ ሲያድግ የታየው ደስታ ከፋሮ ድሎች ሁሉ ይበልጥብኛል።