የጅማ መንገድ ዳር የአበባ ችግኝ፦ ተክሉ ጥሩ፣ አፈሩ ከባድ፣ «ትሉ» ደግሞ እባብ

ጅማ ውስጥ መንገድ ዳር በጥቁር ፕላስቲክ የሚሸጡት የጽጌረዳና የቡጋንቪሊያ ችግኞች በተክልነታቸው አይታሙም። ዝናቡም አየሩም ያግዛቸዋል፤ ቶሎ ይይዛሉ። የሚታማው አፈሩ ነው። ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ የሚሞላው በቀይ አፈር ብቻ ስለሆነ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠጥራል፣ ሲርስ ደግሞ ውሃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱበት። ላዩ ላይ ተኝቶ ከቀረ ወይም ከታች ካልወጣ፣ ሌላ ምረጡ።

አንዳንዴ ችግኙን ወደ ቫዞ ስታዛውሩ ከሥሩ መሃል ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ነገር ይወጣል። ትል ነው ብሎ የሚያልፈው አለ፤ እባብነቱን ያወቀ ደግሞ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ይወረውራል። ለመወርወር የሚያበቃ ምክንያት ግን አይደለም።

ዕውር እባቦች ዕድሜያቸውን አፈር ውስጥ የሚገፉ፣ መርዝ የሌላቸው ትንንሽ እባቦች ናቸው። ኢትዮጵያም የራሷ ዝርያዎች አሏት። በአበባ ማሰሮ ተጭኖ ዓለምን በማዳረስ ስም ያወጣው ግን የእስያው ኢንዶቲፍሎፕስ ብራሚነስ ነው፤ ፈረንሳዊው ዶደን በ1803 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከእርሳስ ያነሰ ነው። ዓይኖቹ በቅርፊት የተሸፈኑ ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ብዙም አያልፉም። ምግቡ የጉንዳንና የምስጥ እንቁላልና እጭ ነው፤ ሥር አይበላም። ወንድ የለውም፦ ሴቶቹ ብቻቸውን እንቁላል ይጥላሉ፣ የሚፈለፈሉትም ሴቶች ናቸው። ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ብቻ የሚራባ ሌላ እባብ አይታወቅም። አንዲት እባብ በአንድ ማሰሮ ከገባች አዲስ ሰፈር ለመመሥረት የምትበቃው ለዚህ ነው።

ወደ ፕላስቲኩ የሚገባው ከተቆፈረው አፈር ጋር ነው፤ አለዚያም ችግኙ መሬት ላይ ሲከርም በውሃ መውጫው ቀዳዳ ይዘልቃል። ነጋዴው ላይ የሚያስፈርድ ነገር የለም።

ለመለየት በመኮትኮቻ አንስታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት። የመሬት ትል እርጥብ ነው፣ ሰውነቱ ቀለበት በቀለበት ነው፣ ሲሄድም ይረዝማል ያጥራል። ዕውር እባብ ደረቅና ልሙጥ ነው፣ ርዝመቱ አይለዋወጥም፣ ምላሱን ብልጭ ያደርጋል። ጅራቱ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ እሾህ አፈር ሲገፋ የሚደገፍባት ናት፤ መርዝ የለባትም።

በባዶ እጅ ግን አትንኩት። አትራክታስፒስ የሚባሉት መርዘኛ እባቦችም በአገራችን አፈር ውስጥ ይኖራሉ፤ እነሱም ጥቁር፣ ልሙጥና ዓይነ ትንንሽ ናቸው፣ የጅራታቸውም ጫፍ ይሾላል። አፋቸውን ሳይከፍቱ ጥርሳቸውን ወደ ጎን አውጥተው ስለሚወጉ በአንገታቸው ቢያዙም አያድንም። ከእርሳስ የወፈረ ካያችሁ መኮትኮቻውንም ትታችሁ ራቁ። የተወጋ ሰው ቁስሉ ሳይበጣና ሳይመጠጥ በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰድ።

እባቡን ለማስወጣት ነጭ ጋዝ ወይም ማላታይን ማፍሰስ ሥሩን ይጎዳል፤ የፈላ ውሃማ ተክሉን መግደል ነው። ፕላስቲኩን እስከ አፉ በባልዲ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ንከሩት፤ ጉንዳኑም እባቡም አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። የአገራችን ይሁን የእስያው የሚለየው ቅርፊቱ በማጉያ ሲቆጠር ስለሆነ (ብራሚነስ በሰውነቱ ዙሪያ 20 ረድፍ አለው) የወጣውን ወደ ጫካ አትውሰዱት፤ እዚያው ግቢያችሁ ጥግ ልቀቁት።

ከእባቡ ይልቅ ሊያሳስባችሁ የሚገባው ጉንዳኑ ነው። ጉንዳን ክሽክሽን እየጠበቀ ያራባል፤ ክሽክሹ ደግሞ የጽጌረዳውን እምቡጥ ይመጥጣል። ፕላስቲኩን ነካ ስታደርጉት ጉንዳን ከፈላ አትግዙ።

ለማዛወሪያ 3 ጣሳ የላይ አፈር፣ 2 ጣሳ ብስባሽ፣ 1 ጣሳ የወንዝ አሸዋ ይበቃል። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ሽታው ካልጠፋ ጊዜው አልደረሰም። አፈሩን ማጽዳት የፈለገ አርጥቦ በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያስጣውና ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጠርዙን አፍኖ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ፀሐይ ላይ ይተወው። ጥርና የካቲት ጥሩ ነው፤ በጅማ ክረምት ግን ፀሐይ ስለማይበረታ ድካም ብቻ ነው።

ለተክሉ ከ5 አራት፣ ለአፈሩ ሁለት እንሰጣለን። ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ችግኙን መሬት ላይ ሳይሆን በጣውላ ወይም በድንጋይ ላይ ደርድሮ ከሚሸጥ ሰው ግዙ።